የልደት ሰሞን መብራት

«እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ» አለች የመዘምራኑ መሪ የልብስ ሰፊዋ አንገት ላይ ተጠምጥማ። ከልቧ ነው ያለቀሰችው፤ እንባዋ የሐዘንተኛዋን ጥቁር ሻርፕ አርሶታል። አልቅሳ ስታበቃ ግን አልለቀቀቻትም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለችና፣ «ይቅርታ አድርጊልኝና… የመዘምራኑ ልብስ እንዴት ሆነ?» ብላ አንሾካሾከች።

ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ልደት እሑድ ነው። ልጆቹ መዝሙሩን አጥንተው ጨርሰዋል፤ ልብሳቸው ግን እጅጌ እንኳ አልተገጠመለትም።

«ይደርሳል» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሳሎኑን ለቀስተኛ ሞልቶታል። ሻይ ይዞራል። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ዘመድ ስለ ሟቿ፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ እናት፣ ለማያውቁት ያስረዳል፤ «ጸሎታቸው እኮ መብራት ያመጣ ነበር! አሜን ብለው ብዙ አይቆይም፣ ቦግ!» ሰዎቹ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ወሬውን በሰፈሩ የነዛችው ራሷ ልብስ ሰፊዋ ናት። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሳትነግር አታሳልፍም ነበር።

አሁን ግን ወሬው ወጋት። ከቀብሩ ወዲህ አንዲት ቃል መጸለይ አቅቷታል። ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣባት እጅጌና ኮሌታ ነው። ድሮም ጸሎተኛዋ እናቷ ነበረች፤ እሷ አሜን ባይ። ጸሎተኛዋ ስትሄድ ጌታ ኢየሱስም አብሮ ከቤት የወጣ መሰላትና ፈራች።

«ወዴት ነው? ሐዘንተኛ አይደለሽ እንዴ? ተቀመጪ እንጂ» አሏት ስትነሳ።

«መጣሁ» አለችና በውስጥ በር ወደ ስፌት ክፍሉ ገባች።

እዚያ ሁለት ሰራተኞቿ አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ። በጓሮው መስኮት ሥር ልብስ ተኳሿ፣ የእናቷ የዕድሜ ልክ ጓደኛ፣ ካውያዋን ትገፋለች። ከግድግዳው ማዶ የአናጢው የኤሌክትሪክ መጋዝ ይጮኻል። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ፔዳሉን ረገጠች። መኪናው እስከጮኸ ድረስ ማሰብ የለም።

በልደት ሰሞን ይህ ክፍል ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ጨርቁ እስከ አንገት ይደርሳል፣ ምሳ በቁም ይበላል። እናቷ ጥግ ላይ ቁልፍ ትተክል ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ሥራው በጣም በጦፈበት ሰዓት፣ ድርግም! መብራት ይጠፋል። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ትወረውራለች። «እነዚህ ሰዎች የልደት ሥራዬን ጠብቀው ነው እንዴ የሚያጠፉት?» ብላ የመብራት ሰዎችን ከነዘር ማንዘራቸው ትረግማለች። ይሄኔ እናቷ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ከጓሮ ብቅ ትላለች።

«እንግዲህ ምን ይደረግ?» ትላለች። «መብራቱ እስኪመጣ ጌታን እናናግረው።»

ድንግዝግዙ ውስጥ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። እናቷ ኢየሱስን የምታናግረው በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር። «ጌታዬ፣ ለልደትህ ስንሯሯጥ አንተኑ ደጅ አቆምንህ፤ ግባ እንጂ። የልጄንም ወገብ እይልኝ፤ ጎብጣ ልትቀር ነው።» ልብስ ሰፊዋ በዚያች ጨለማ ውስጥ፣ ሳታስበው፣ ትከሻዋ ሲወርድ ይሰማት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከጌታ ጋር የምትገናኘው ያኔ ብቻ ነው። አሜን ተብሎ እናቷ ውሃ ልቅዳ ብላ ስትወጣ፣ መብራቱ ይመጣል።

እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። አምፖሉን ቀና ብላ አየችው።

«ምን ያሳይሻል?» አለች ልብስ ተኳሿ።

«ዛሬም አልጠፋም። እማዬ ከሞተች ወዲህ አንዴም አልጠፋም። ይህ ሁሉ ሥራ እያለብኝ፣ እትዬ፣ እንዲጠፋ እየጠበቅኩ ነው።»

ልብስ ተኳሿ ካውያዋን አቆመች። ከዚያ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ እስከዛሬ አልነቃሽም? ያ መጋዝ መብራት ጠፋ በተባለ ቁጥር ሲጮህ አትሰሚም ነበር? እናትሽ ነበረች እኮ የምታጠፋው!»

«ምን?»

«ቆጣሪው ሥር ካለው ማጥፊያ ነዋ። እዚህ መስኮት ላይ ቆሜ፣ ባልዲ ገልብጣ ላዩ ላይ ስትወጣ አየኋት። ወድቃ ትሰበርብናለች ብዬ እጀታው ላይ የገበር ጨርቅ ቁራጭ አሰርኩላት፤ ከመሬት ሆና እንድትስበው። መልሳ ስታበራ በመጥረጊያ እንጨት ትገፋው ነበር።»

የልብስ ሰፊዋ ፊት ቀላ። «ስንት ዓመት ታታልለኝ ነበር ማለት ነው? ሰፈሩን ሁሉ ጸሎቷ መብራት ያመጣል ብዬ!»

«እሱንማ ስትሰማ አፍራ ልትሞት! ልንገራት ብላ ስንቴ ተነሳች። መጀመሪያ እኮ በአፏ ለምናሻለች። ምን እንዳልሻት ታስታውሻለሽ?»

ታስታውሳለች። እናቷ ቁልፍ ከምትተክልበት ቀና ብላ፣ «ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ቁጭ በይ፤ ሁሉም ለልደቱ ይሮጣል፣ ባለልደቱን ማን አናገረው?» ብላት ነበር። እሷም ቀና ሳትል፣ «እማዬ፣ ጌታ ይረዳኛል፤ ደንበኛ ግን አይረዳኝም» አለቻት።

«እና ምን ታድርግ?» አለች ልብስ ተኳሿ ካውያዋን መልሳ እያነሳች። «ወደ ጓሮ ወጣች።»

ልብስ ሰፊዋ ያልተገጠመውን እጅጌ ጭኗ ላይ አጣጠፈችው። ከዚያ አስቀምጣው በጓሮ በር ወጣች።

ቆጣሪው ከኋላው ግድግዳ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ እያለፈችው አንድ ቀን ቀና ብላ አላየችውም። ከማጥፊያው እጀታ ላይ ቀይ የገበር ቁራጭ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ በመያዝ ብዛት ጠቁሯል። ያን ጠቆር ያለውን ቦታ በጣቷ ነካችው። እናቷ ናፈቀቻት፤ ከቀብሩ ቀን ይልቅ አሁን ናፈቀቻት።

እሷ ከእናቷ ትረዝማለች፤ እጇን ብታነሳ ማጥፊያውን ታገኘዋለች። እጇን ግን አላነሳችም። ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ በእናቷ ቁመት ልክ ዝቅ አለች፤ ቁራጩን ጠቆር ካለው ቦታ ላይ ይዛ ሳበችው።

መኪናዎቹ ጸጥ አሉ። «ኧረ መብራት ሄደ!» አለ አንዱ ሰራተኛ ከውስጥ። ከግድግዳው ማዶ የአናጢው መጋዝ መጮኹን ቀጠለ።

«ጌታዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ቀጥሎ ምን እንደሚባል አላወቀችም። እናቷ እንደምታናግረው፣ በር ላይ እንደቆመ ሰው ልታናግረው ሞከረች።

«እማዬ አንተ ጋ ደረሰች ወይ?»

ቀና አላለችም። ቁራጩንም አልለቀቀችውም።