በሲምረት አንገት ላይ የተገኘው ጨሌ

ሲምረት የሞተችው በ1994 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ካዛንቺስ ግቢያቸው ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ፣ ለተሚካኤል፣ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ ልጅቷን ልብስ በተዘፈዘፈበት ሳፋ ውስጥ በፊቷ ተደፍታ አገኘቻት። የሚጥል በሽታዋ ተነስቶባት ነበር። ለተሚካኤል ጎትታ አወጣቻት፣ ጀርባዋን መታች፣ አፏን ከፍታ ተነፈሰችላት። ከልጅቷ አፍ የወጣው የሳሙና አረፋ ብቻ ነበር።

ጨሌው የተገኘው አስከሬኗን ሲያጥቡ ነው። ቀይና ጥቁር ዶቃ በጥጥ ክር ተሰክቶ ከማተቧ ስር ታስሯል። ጎረቤታቸው ጥሩዬ በሁለት ጣቷ ይዛ ለአባትየው ለአስመላሽ አሳየችው።

«ይሄን ማን ነው ያሰረላት?» አለ አስመላሽ።

 ለተሚካኤል መናገር አላስፈለጋትም። በሰፈሩ ጨሌ የምታስር አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

እማማ ቡዜ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው መበለት ናቸው። ከእነ አስመላሽ ግቢ ሦስት በር ዝቅ ብሎ በቀበሌ ቤት ይኖራሉ። ሐሙስ ሐሙስ ቄጤማ ጎዝጉዘው ከእናታቸው የወረሱትን ውቃቢ ይለማመናሉ። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም በጓሮ በር ትገባለች፤ በማግስቱ መንገድ ላይ ስታገኛቸው ግን ፊቷን ታዞራለች። አብሯቸው የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ነጋሳ ልብስ ሰፊ ነው። ጴንጤ ስለሆነ በውቃቢው ነገር ሲጨቃጨቃቸው ኖሯል፤ ሐሙስ ከሆነ እስኪመሽ ቤት አይገባም።

ለተሚካኤል ልጇን ይዛ ሦስት ጊዜ ሄዳለች። በሦስተኛው ጊዜ ቡዜ ጨሌውን አስረው፣ «ክኒኗን እንዳታቋርጪባት» ብለዋት ነበር። «የኔው ለነፍሷ ነው። ያኛው ለጭንቅላቷ ነው።»

ክኒኑን ያቋረጠው አስመላሽ ነው። ልጅቷን ጸበል ይዟት በሄደበት አንድ ሰውዬ፣ ክኒንና ጸበል አንድ ላይ አይሆንም፣ እምነትህ ጎድሏል አለው። ቤት ሲመለስ ክኒኑን በሙሉ ሽንት ቤት ደፋው። ለተሚካኤል ስትጮህበት በጥፊ አላት። ይሄ ከሆነ አንድ ወር አልሞላውም። የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ሰኞ ሠልስት ወጣ። ለቅሶ ከተቀመጡት ወንዶች መሃል አስመላሽ ተነሳ።

«ልጄን የበላችው እዚህ ሦስት በር አልፎ ምሳዋን እየበላች ነው» አለ። «እኔ እዚህ ቁጭ ብያለሁ!»

ሃያ የሚሆኑ ወንዶች አብረውት ተነሱ። ለተሚካኤል የለቅሶው ድንኳን በር ላይ ቆማ ነበር። አስመላሽ በአጠገቧ ሲያልፍ ክንዱን ያዘችው። ሊያዳምጣት ቆሟል። እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ግን ሰው ሁሉ ያያታል፣ ባሏ ያያታል፣ ጨሌው ጥሩዬ መዳፍ ላይ ነው። ክንዱን ለቀቀችው።

የቡዜን በር በድንጋይ ሰበሩት። አሮጊቷን በጸጉራቸው ጎትተው ወደ ኮረኮንቹ መንገድ አወጧቸው። አንዱ የዶቃና የሽቶ ጠርሙስ የሞላ ሣጥን አምጥቶ ላያቸው ላይ ገለበጠ። ሌላው ድንጋይ ወረወረ፤ ግራ ዓይናቸውን መታቸው። ቡዜ እጃቸውን ወደ ፊታቸው ሲያነሱ አስመላሽ በያዘው የፌሮ ብረት ክንዳቸው ላይ አሳረፈባቸው። የአጥንቱ ስብራት ድምፅ ለተሚካኤል እስካለችበት ድንኳን ድረስ ተሰማ።

«በሏት! ቡዳ ናት!»

ነጋሳ ከስፌት ቤቱ ሮጦ መጣ፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሰዉን ገፍትሮ ገባና አክስቱ ላይ ተኛባቸው።

«ተነሥ አንተ! አንተኮ የእግዚአብሔር ሰው ነህ!» አለው አንዱ ከኋላ።

«አክስቴ ናት» አለ ነጋሳ። «በእናታችሁ፣ አክስቴ ናት።»

አስመላሽ ፌሮውን በሁለት እጁ አነሳ። ለተሚካኤል ከድንኳኑ ተከትላ መጥታ ከእሱ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር። አንደኛው ምት የነጋሳን ትከሻ አገኘ። ሁለተኛው ጆሮ ግንዱን። ሦስተኛው አያስፈልግም ነበር፤ አስመላሽ ግን መታው፣ አራተኛም ደገመው። ደሙ ሲረጭ ሰዉ ወደ ኋላ አለና ሁሉም በየበሩ ገባ። ቡዜ ከሬሳው ስር ሆነው በኦሮምኛ ስሙን ይጠሩ ነበር።

በሳምንቱ ለተሚካኤልን ፖሊስ ጣቢያ ጠሯት። መርማሪው ኢንስፔክተር ኃይለገብርኤል ይባላል። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አለው። ጠረጴዛው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ረጅም ወረቀት ዘርግቷል።

«አርባ ሦስት ሰው ፈርሟል» አላት። «ሴትዮዋ በጥንቆላ ትከሰስልን ይላል። ነጋሳን ማን እንደገደለው ግን አርባ ሦስቱም አላዩም።»

«ጥንቆላ ወንጀል አይደለም እንዴ?»

«ሰው አታልሎ ጥቅም መውሰድ ያስቀጣል። አታለሉሽ?»

ለተሚካኤል አሰበች። «ቅቤ ወስጄላቸዋለሁ። እሳቸው አልጠየቁኝም። ክኒን እንዳታቋርጪ ነው ያሉኝ።»

«እቤታቸው ቁጭ ብለው በውቃቢያቸው ማመናቸውን ከሆነ፣ እምነት ነፃ ነው። ሕጉ ይሄኛው ደግ ነው፣ ያኛው ክፉ ነው ብሎ አልመረጠም። እኔ ደጃፋቸውን አልረግጥም፤ እሱ የራሴ ጉዳይ ነው። በር ሰብሮ ሰው መግደል ግን ማንም ቢያምን ማንም ባያምን ወንጀል ነው።» ወረቀቱን ገፋ አደረገው። «ፌሮውን የያዘው ማን ነበር?»

የፈራሚዎቹን ስም ቁልቁል አየች። 

«ባለቤቴ» አለች። ከዚያ ሳይጠይቃት የክኒኑን ነገር ጨመረችለት።

«ዛሬ እቤት እንዳትሄጂ» አላት። እሷ ግን ለቅሶ ደራሽ ይመጣል ብላ ሄደች። ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበር። አስመላሽ በሩን ከውስጥ ቆለፈው።

«ምን አልሻቸው?»

«ያየሁትን።»

«ጠንቋይዋ ከኔ በለጠችብሽ?»

«ክኒኑንም ነግሬያቸዋለሁ።»

በቡጢ አገጯን መታት። ስትወድቅ ተከትሏት ወርዶ ጉሮሮዋን ያዘ። በትግርኛ እየተሳደበ፣ እያለቀሰ፣ እንባው ፊቷ ላይ እየተንጠባጠበ ያንቃት ነበር። «እኔ ነኝ ልጄን የገደልኩ? እኔ ነኝ?» ይላል። አዎ ልትለው ፈለገች፤ አየር አልነበራትም። ሊይዙት የመጡት ፖሊሶች በሩን ገንጥለው ሲገቡ ዓይኗ መጨለም ጀምሮ ነበር። ለሦስት ሆነው ነው ከላይዋ ያነሱት።

ክሱ አሥራ አንድ ወር ፈጀ። ለተሚካኤል በሽቦ የታሰረ አገጯ ከዳነ በኋላ ቆማ መሰከረች። የአስመላሽ ጠበቃ ቡዜን፣ «እቤትዎ የሚመለከው ሰይጣን እንደሆነ ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። ዳኛዋ ቀና ሳይሉ፣ «ጥያቄው ከሟቹ አሟሟት ጋር ምን አገናኘው? ይለፉት» አሉት። አስመላሽ አሥራ አራት ዓመት ተፈረደበት። ድንጋይ የወረወሩት አልታወቁም። ማለትም ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ማንም አልመሰከረባቸውም።

ፍርዱ በተሰማ በሳምንቱ ለተሚካኤል ቡዜ ዘንድ ሄደች። አሮጊቷ በቆርቆሮ ከተጠገነው በራቸው ውስጥ በኩል ተቀምጠዋል። ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ክንዳቸው ቀጥ አይልም። ለተሚካኤል እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በእጃቸው አገዷት።

«ሊመጡብኝ ሲነሱ አንቺ ድንኳኑ በር ላይ ነበርሽ አይደል?»

«አዎ።»

«የክኒኑን ነገር ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

«ያኔ አንድ ቃል ብትተነፍሺ ኖሮ።» አሉ ቡዜ። «እኔም ብሆን ልጅሽን አላዳንኳትም። ጨሌ አስሬ ሸኘኋት። እሱን ቀንም ሌትም አስበዋለሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ነጋሳ ቢኖር ይቅር ይልሽ ነበር። እነሱ እንደዚያ ነው የሚማሩት። እኔን ግን እንደዚያ አላስተማሩኝም።» በደህናው እጃቸው ወደ በሩ አመለከቱ። «አልረግምሽም። በቃ፣ ሂጂ።»

ለተሚካኤል ወጣች። በወሩ ሰንጋ ተራ አንድ ክፍል ተከራየች፤ ኦሎምፒያ ያለውን የጸሐፊነት ሥራዋን አልተወችም። አዲሶቹ ጎረቤቶቿ አገጯ ለምን እንደተጣመመ ሲጠይቋት፣ ወድቄ ነው አትልም። ባሌ ሰው ሲገድል አይቼ ስለመሰከርኩ ነው ትላቸዋለች። ወንዶቹ ከድንኳኑ ሲነሱ ዝም ማለቷን ግን አትነግራቸውም።