ቀዩ በቆሎ

አጥናፉ ባዮሎጂ እያስተማረ ከጎኑ ባለው ክፍል ሒሳብ ማስተማር ዘበት ነው። የሚለየን ግድግዳ ቺፑድ ነው፤ የሱ ድምፅ ደግሞ የታክሲ ረዳት ድምፅ። ተማሪዎቼ እኔ ፊት ተቀምጠው እሱን ያዳምጣሉ። የዚያን ሐሙስም ተናድጄ ቾኬን አስቀመጥኩና እኔም አዳመጥኩ።

"ዛሬ ዲዛይነሮቹ እኛ ነን!" አለ። "የአገዳ ቆርቁር ትል በቆሏችንን ሊጨርሰው ነው። ምን እናድርግ?"

ትሉን የሚገድል ዘረመል ከአፈር ባክቴሪያ ይፈለጋል፣ ተቆርጦ ይወጣል፣ መቼና የት ሥራ እንደሚጀምር የሚያዘው ማብሪያ ማጥፊያ ይቀጠልለታል፣ ከዚያ በቆሎው ሴል ውስጥ ይገባል። የተቀበለው ሴል ተመርጦ ቡቃያ እስኪሆን ያድጋል። ይህን ሁሉ በመቀስ፣ በፕላስተርና በባለቀለም ወረቀት ነው የሚያሳያቸው። መቼም ማስተማር ያውቅበታል፣ አልክደውም።

በቆሎም አምጥቶ ነበር። ነጩን ከጉልት ገዛ። ቀዩን የግብርና ዕቃ መደብር ያለው አማቹ ሮቤራ ሰጠው፤ ነፍሳት እንዳይበሉት በመርዝ የታሸ ዘር ነው። ቀለም የተጨመረበትም ሰው አይቶ እንዲጠነቀቅ ነው። አጥናፉ የራስ ቅል የተሳለበትን ከረጢት እዚያው መደብር ትቶ፣ ዘሩን በባዶ የወተት ጣሳ ይዞት መጣ። ይህን እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው፤ ባውቅ ኖሮ ያንን ቺፑድ በእርግጫ እጥሰው ነበር።

"ነጩ ተራው በቆሎ ነው፤ ቀዩ የኛ ዲዛይን ይሁን" አላቸው።

"ቲቸር፣ ትሉን የገደለ እኛን አይገድለንም?" አለች ሉላ። የክፍሉ አንደኛ ናት። አያቶቿ ዛሬ የቂሊንጦ ፋብሪካዎች የቆሙበትን መሬት ያርሱ ነበር።

"ጎበዝ! የትሉ ሆድና የኛ ሆድ ለየቅል ነው። ቀቅለሽ ብትበዪው ምንም አትሆኚም።"

ስለ ዘረመሉ ከሆነ እውነቱን ነው። ጣሳው ውስጥ ስላለው ግን ቃል አልተነፈሰም።

ሲወጣ ክፍል የመጥረግ ተራ ለነበራት ለሉላ "የተረፈውን ድፊው" አላት። የገበሬ ልጅ እህል ድፊ ተብላ! እነሱ ቤት መሬት የወደቀች ፍሬ ተነስታ፣ እፍ ተብላ፣ ተስማ ነው የምትመለሰው። መሬታቸው ቢሄድም ይህ ልማድ አልሄደም። ሉላ ነጩንም ቀዩንም በፌስታል ቋጥራ ለእናቷ ወሰደች።

ዓርብ ሉላ ከትምህርት ቀረች። ምሳ ሰዓት ላይ የአክስቷ ልጅ ሮሪሳ እኔና አጥናፉ ወደተቀመጥንበት መጣ።

"ሉላ የቀረችው ጎረቤታቸው አርፈው ነው፤ ለቅሶው ላይ ንፍሮ እያደለች ነው" አለ። "ቲቸር፣ የእርስዎ በቆሎ ግን ቀለሙ ምንድነው? እናቷ አደሴ ደጋግማ አጥባው እንኳ አልለቅ አለ። እንዲሁ ቀቀለችው።"

አጥናፉ አመድ መሰለ። "ብዙዬ" አለኝ፣ "መርዝ እኮ ነው።"

ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ለሉላ ደጋግሞ ደወለ፤ አታነሳም። ከፊታችን የከባድ መኪና ሰልፍ አለ፤ ሾፌሩ ጥግ ጥጉን ይሞክራል። እኔ እመቤቴን እየጠራሁ ነበር፣ በጣም ፈርቼ ነበር።

እነሉላ ሰፈር፣ አቃቂ በሰቃ ስንደርስ የለቅሶው ድንኳን በሰው ግጥም ብሏል። በየሰዉ መዳፍ ላይ ስንዴና ሽምብራ፣ በመሃሉ ቀላ ያለ ፍሬ። በር ላይ የተቀመጡ እማማ ዲንቄ የሚባሉ አሮጊት እያኘኩ ለአጥናፉም አንድ እፍኝ ዘረጉለት፤ የለቅሶ ንፍሮ አይመለስም።

"አትብሉ! መርዝ አለበት!" ብሎ ጮኸ።

የሰዉ ዓይን ሁሉ ንፍሮውን ወዳመጣችው ወደ ሉላ እናት ዞረ።

"መርዝ? እኔ ለጎረቤቴ?" አለች አደሴ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ከአጠገቧ ተነሳች።

ሉላ ትሪ እንደያዘች ወደ መሃል ገባች። "እናቴን ተዉአት! መርዝ አይደለም። ሰው አይጎዳም፤ ቲቸር ናቸው ያስተማሩን።"

"እሱን አይደለም ሉላ! ይሄ ሌላ ነው፤ ያ ማሳያ ነበር!"

"ቀዩ የኛ ዲዛይን ነው አላሉም?"

"ብያለሁ" አለ አጥናፉ። ያ ግድግዳ የሚበሳ ድምፅ አጠገቡ ላለሁት ለእኔ እንኳ በግድ ተሰማ።

"ይኸው!" አለች ለሰዉ። እናቷን አንዴ አየት አደረገችና ቀይ ቀዩን መርጣ እፍኝ ሙሉ አፏ ውስጥ ጨመረች። አጥናፉ ዘሎ እጇን ሲይዝ ትሪው ተደፋ፤ እሷ ግን አኝካ ዋጠች።

ያኔ ነው እማማ ዲንቄ ሆዳቸውን ይዘው ጎንበስ ያሉት። አንድ ሕፃንም እናቱ ጭን ላይ አስመለሰ። ሉላ እነሱን አየች፤ ቀጥላ ወደ አጥናፉ ዞረች።

"ቲቸር" አለች፣ "እኔስ?"