ከወንበር ዮጋ ይረክሳል

የጫማ ቤታችን ባለቤት ስሙ ሌላ ነው፤ እኛ ግን በሌለበት «ጋሽ ቀጥበሉ» እንለዋለን። ጠዋት በሩን ሲከፍት የመጀመሪያ ቃሉ «ቀጥ በሉ!» ነው፤ ማታ ሲዘጋም ያው። በእሱ ሕግ ሻጭ አትቀመጥም። «ሻጭ ከተቀመጠች ገበያም ይቀመጣል» ይላል፣ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ። ከእሱ ወንበር ሌላ ያለው ደንበኛ ጫማ የሚለካበት አግዳሚ ነው፤ እሱን ደግሞ እኛ አቧራውን ከመጥረግ በቀር አናውቀውም።

እኔ የሴቶች ጫማ ክፍል ነኝ። የወር አበባዬ ሲመጣ ሆዴን እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዝዘዋል። አንድ ቀን ብሶብኝ የጫማ ካርቶን ላይ አረፍ ስል ደረሰብኝ። «ሁለተኛ ተቀምጠሽ ባይሽ ወደ ቤትሽ!» አለኝ። ቀልድ አልነበረም፤ ከእኔ በፊት የነበረችውን ልጅ ያባረራት በዚያው በካርቶን ሰበብ ነው። እናቴና ታናሽ እህቴ ደግሞ የእኔን እጅ ነው የሚያዩት።

በዕድሜ ሁላችንንም የምትበልጠው ገንዘብ ያዥ ልትለምንልኝ ሄደች። «ኧረ ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ የወር አበባዋ ነው፤ አንድ በርጩማ ቢያስገቡልን ምን ይጎድልብዎታል?»

ቃሉን ሲሰማ ፊቱን አዞረ። «እንዲህ ያለ ነገር ሥራ ቦታ አይወራም!» ብሏት ወደ መጋዘን ገባ።

ለሚስቱ ግን ሳይነግር አልቀረም። በማግስቱ እትዬ ራሳቸው ሮዝ ቀለም ያለው ምንጣፍ ተሸክመው መጡ። ሰሞኑን ዮጋ ጀምረዋል፤ አዲስ ነገር የጀመረ ሰው ደግሞ ሰው አያስቀምጥም። ተንበረከኩ፣ ተረከዛቸው ላይ አረፉ፣ ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፍተው እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። «እንዲህ አድርጋችሁ ተንፍሱ፤ ሕመሙ ሲሄድ ይታያችኋል» አሉን። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል፤ የተቀመጠም የቆመ ያለ አይመስለውም።

እውነቱን ልናገር፣ ያሾፍኩት እስክሞክረው ድረስ ነው። ግንባሬ ወለሉን ሲነካ ወገቤ ፈታ አለ፣ ትንፋሼ ሆዴ ድረስ ወረደ። ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ሲነሱ ያው መቆም ነው።

ጋሽ ቀጥበሉ ግን በደስታ ሊሞት። ዮጋ ወንበር አይፈልግም፣ ፈቃድም አይፈልግም። «በቃ! ያቺ… ያቺ ነገር የመጣባት ሁሉ ባለችበት ዮጋዋን ትሥራ!» ብሎ አወጀ። እኔና ገንዘብ ያዧ ተያየን። መቀመጥ ክልክል፣ መደፋት የተፈቀደ!

የእኔ ቀን ደረሰ። ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት ሆዴ ጀመረኝ። ባለተረከዝ ጫማዎቹ መሀል ድፍት አልኩ። የልጆች ጫማ የምትሸጠው አየችኝና «የእኔም ሊመጣ ነው መሰለኝ» ብላ ተከተለችኝ። ገንዘብ ያዧም የገንዘቡን መሳቢያ ክፍት ጥላ መጥታ አጠገቤ ተደፋች።

«እታለም፣ የአንቺ እኮ ካቆመ ቆየ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ወገቤ መች ሰማ!» አለችኝ።

ጋሽ ቀጥበሉ ከመጋዘን ሲወጣ ቆሞ ያገኘው ጫማ ብቻ ነው። ረጅሙን የብረት ጫማ ማልበሻ እንደያዘ መሀላችን ደርሶ ክው ብሎ ቀረ። ይሄኔ አንዲት ደንበኛ የመስታወቱን በር ከፍታ ገባች። የተደፉ ሴቶች፣ የተከፈተ መሳቢያ፣ ብረት የያዘ ሰውዬ አየች። «ሌባ! ኧረ የሰው ያለህ!» ስትል መንገደኛው ሁሉ በሩ ላይ ተንጋጋ።

መንገድ ማዶ የቆመው ፖሊስ ሮጦ ደረሰ። «ብረቱን ጣል! እጅ ወደ ላይ!» ጋሽ ቀጥበሉ በዕድሜው እንደዚያ ቀጥ ብሎ አያውቅም።

«ሴቶቹን ለምን አስተኛሃቸው?»

«እኔ አይደለሁም! የወሩ… ያ የወሩ ነገር ነው…»

«የወሩ ምን? ደመወዛቸውን ከልክለህ ነው?»

«አይደለም! ያ… የሴቶች…» ላቡ በአገጩ ወረደ። ፖሊሱ ካቴናውን ሲያወጣ ግን ነፍሱ ከእፍረቱ በለጠችበት። «የወር አበባ ነው! የወር አበባቸው ነው!» ብሎ ጮኸ። ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ሳይቀር ሰማው።

ፖሊሱ ወደ እኛ ዞረ። ሥራዬ ዛሬ አበቃ ብያለሁ። ቢሆንም ግንባሬን ሳላነሳ «እውነቱን ነው፤ መቀመጥ ስለማይፈቀድልን ነው» አልኩት።

«ሚስቴንም ያማታል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቀጥሎ ሱቁን ቃኘ። «ታዲያ ያ ወንበር የማን ነው?»

በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ መልሱን ጠበቀ። ጋሽ ቀጥበሉ ወንበሩን በገዛ እጁ እየገፋ አመጣልኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ያመማት ትቀመጥበታለች። እሱ እልህ ይዞት ሌላ ወንበር አልገዛም፤ ስለዚህ ቆሞ ይውላል። በቀደም እለት ወገቡን ይዞ አጠገቤ መጣ። ግራ ቀኝ አየና «ስሚ እስቲ… ያቺ መደፋት እንዴት ነበር የምትደረገው?» አለኝ።

ከወንበሩ ሳልነሳ ወለሉን አሳየሁት። «ይንበርከኩ ጋሼ፤ ግንባርዎን ይድፉና ይተንፍሱ። ሕመሙ ሲሄድ ይታይዎታል።»

ተንበረከከ። እኔም ወንበሩ ላይ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።