ጸጉሯ ሳይደርቅ

ጥሩነህ ውሻዋን ይዟት የመጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሚስቱ ሸጋዬ ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ ደረጃው ላይ ተገናኙ። በአንድ እጁ የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሏል፤ በሌላው ከወገቡ የፈታውን ቀበቶ ይዟል። በቀበቶው ጫፍ ጭቃ የደረቀባት፣ ጅራቷን እግሮቿ መሀል የቀበረች፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሳ ውሻ ታስራለች።

የሆነውን እዚያው ቆሞ ነገራት። ጥሩነህ የሚሠራው ኤቨን የሁዳ ውስጥ ካለ የችግኝ ጣቢያ ነው። ወደ ናታንያ ሲመለስ፣ ፓርዴስ ከሚሉት የብርቱካን እርሻ አጠገብ፣ ውሻዋ አስፋልቱ መሀል ቆማ መኪኖች ይጮሁባታል። አንዱ ለጥቂት ሳታት። መኪናውን አቁሞ ወርዶ ቢጠራት ሸሸች፤ ከምሳው የተረፈውን ዶሮ ሲያሳያት ግን ቀረበች፤ ያኔ ያዛት። ስትሞት ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም።

ሸጋዬ ቆሻሻውን እንደያዘች ሰማችው። ከኢትዮጵያ እስራኤል መጥተው ናታንያ ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤታቸው እንስሳ ገብቶ አያውቅም። በአባቷ አገር የውሻ ቦታው ከአጥር ውጭ ነበር። ጥሩነህም ይህን ስለሚያውቅ አልተከራከራትም። ውሻዋን በረንዳ ላይ አሰራት፤ ውሃ አቀረበላት፤ ሰንበት ሲያልፍ፣ እሁድ ጧት፣ ኢሪያው፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ፣ ዘንድ ወስዶ ለከተማው የእንስሳት ሐኪም እንደሚያስረክባት ቃል ገባ።

ያን ሌሊት ማንም አልተኛም። ውሻዋ የተሰጣትን ሳትቀምስ የበረንዳውን በር ስትቧጥጥ፣ ስታላዝን አደረች።

ዓርብ ጧት ልጃቸው ናአማ ደወለች። ናአማ መሀል ከተማ ትኖራለች፤ ራሷ ሁለት ውሾች ታሳድጋለች። እናቷ ያማረረችውን ሁሉ ከሰማች በኋላ፣ ውሻዋ መዥገር ሳይኖርባት እንደማይቀርና ከሰንበት በፊት መታጠብ እንዳለባት ነገረቻት። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ፊቷ ላይ አታፍስሱ፤ ሲያበቃ በፎጣ ካደረቃችኋት በኋላ ፈኑን በትንሹ ከፍታችሁ ከሩቅ ንፉባት አለች። ፈን የምትለው የጸጉር ማድረቂያውን ነው።

ሸጋዬ የሰንበቱን ምግብ ጥዳ ነበርና ማጠቡን ለጥሩነህ ተወችለት። እሱ ውሻዋን አቅፎ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አቆማት። ስትንቀጠቀጥ የእሱም ክንድ አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሻወሩን ሲከፍተው ውሃው እየፏጨ ወጣ፤ ውሻዋ ዘለለች፤ ጥፍሯ ገንዳው ላይ ተንሸራቶ በጎኗ ወደቀች፤ ተነስታ እንደገና ዘለለች። ሸጋዬ ድምፁን ሰምታ ብትመጣ ባሏ ከራስ ጸጉሩ እስከ ካልሲው ርሷል፤ ውሻዋ ደግሞ ጥግ ይዛ ግድግዳው ውስጥ መግባት የፈለገች ትመስላለች።

ሸጋዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው። ውሃ የሚፈሩ ልጆች ስንት አጥባለች። የፈራ ልጅ ምን እንደሚመስል ታውቃለችና ዝም ብላ መመለስ አቃታት።

“ተነስ እስቲ፣ እያስፈራራሃት ነው” አለችው።

ሻወሩን ዘጋች። ባልዲ ለብ ያለ ውሃ ሞላች፤ ሙቀቱን በክርኗ ለካች። እንዳያንሸራትታት አሮጌ ፎጣ አጥፋ ገንዳው ወለል ላይ አነጠፈች። ከዚያ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ በፕላስቲክ ኩባያ እየቀዳች ከፊት እግሯ መዳፍ ጀመረች። አንድ ኩባያ አፍስሳ ትቆያለች፤ ውሻዋ ትንፋሿን ስትሰበስብ ሌላ ታፈሳለች። “አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ” ትላታለች፤ ውሻ የኔ ልጅ ማለቷን ራሷም ልብ አላለችውም።

መጀመሪያ የወረደው ውሃ ጥቁር ነበር። ቀጥሎ ቡናማ ሆነ። በሦስተኛው ባልዲ ጠራ። ሁለቱም ጥቁር ናት ብለው ያሰቧት ውሻ ቀስ በቀስ ከጭቃው ውስጥ የማር መልክ ይዛ ወጣች፤ ደረቷ ላይ ነጭ ምልክት አለ፤ ጆሮዎቿ ጫፋቸው እንደ ተኳለ የጠቆረ ነው። ጥሩነህ በሩ ላይ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያያታል። ሆዷን ግን ወለሉ ላይ አጣብቃ አላስነካ አለች። ዓይኗንም ከበሩ ላይ አላነሳችም።

ማድረቁ ባሰ። በሁለት ፎጣ ጀርባዋን አሸት አሸት አድርገው ፈኑን ገና ከመክፈታቸው፣ ከገንዳው ዘልላ በጥሩነህ እግሮች መሀል ሾልካ ወጣች። የውጭው በር ሥር ሄዳ አፍንጫዋን ከበሩ ስንጥቅ ላይ ለጠፈች። ፈኑን ፈርታ ነው ብለው አጠፉት። ከበሩ አልተነቃነቀችም። ሥጋ አመጡላት፤ ዞር ብላም አላየችው።

ሸጋዬ ሦስተኛውን ፎጣ ይዛ ሄዳ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጎኗን አደረቀች። ውሻዋ ቆማ ስለነበር እጇ በፎጣው ውስጥ ወደ ሆዷ አለፈ። የነካችው ነገር ትኩስ ነበር፤ ደግሞም እንደ ድንጋይ የጠጠረ። እጇን አውጥታ አየችው። መዳፏ ላይ ያለው ውሃ አልነበረም፤ ነጭ ነው።

አሸተተችው፤ ወተት ነው።

“ጥሩነህ” አለች ቀስ ብላ፣ “ይቺ ውሻ አራስ ናት።”

ጥሩነህ ቃሉን ሲሰማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በወጣትነቱ በኖረበት መንደር አራስ ያለችበት ጎጆ ወንድ አይጠጋም ነበርና እግሩ ሳያዘው ያደረገው ነው። ከዚያ እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ። ትናንት ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ያዛት፤ አሁን ዓርብ ሰባት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ሊሞላ ነው። አድናታለሁ ብሎ ከልጆቿ ለይቷታል።

ሸጋዬ ያን ሕመም ታውቀዋለች። ከአዲስ አበባ የመጡ ጊዜ ናአማ የሦስት ወር ልጅ ነበረች። በዚያ ግርግር ሕፃኗን የታቀፈችው እህቷ አንዱ አውቶቡስ ላይ ወጣች፤ እሷ ሌላው ላይ ገባች፤ አውሮፕላናቸውም ተለያየ። እዚህ አገር ገብተው እስኪገናኙ አንድ ሌሊትና እኩል ቀን ጡቷ ጠጥሮ፣ ልብሷ ርሶ፣ ብርድ ብርድ እያላት በየአዳራሹ የሕፃን ልቅሶ ስትከተል ነበር። ያን ጊዜ ብዪ ጠጪ ቢሏትም የምትሰማው አልነበረም።

ናአማ ጋ ደወሉ። በሴደር፣ እሺ፣ አትደንግጡ አለች፤ ውሻ የሚያድኑ በጎ ፈቃደኞች እንዳሉ፣ ሰንበት ሊገባ ስለሆነ ግን ማንም ከእሁድ በፊት እንደማይወጣ ነገረቻቸው።

“እሁድማ ማንን ያገኛሉ?” አለች ሸጋዬ፤ ምድጃውን አጠፋች፤ ሽርጧን ፈታች።

ውሻዋ ጸጉሯ እንደረጠበ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሸጋዬ ፎጣውን ይዛ አጠገቧ ሆነች። መኪናው ወደ ኤቨን የሁዳ መንገድ ሲታጠፍ የውሻዋ መንቀጥቀጥ አቆመ። ቀና ብላ፣ አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሰው መንገዱን ታይ ጀመር። ጥሩነህ በመስታወት አይቷት ፍጥነቱን ጨመረ።

ፓርዴሱ ጋ ሲያወርዳት ቀበቶውን ጨብጦ ሊከተላት ሞከረ። ጉልበቱ ያመዋል፤ እሷ ደግሞ እስክትታነቅ ትጎትታለች። ቆመና ሚስቱን አያት። ከለቀቃት ላያገኟት ይችላሉ፤ ካለቀቃት ልጆቿ ጋ አትደርስም።

“ልቀቃት” አለች ሸጋዬ።

ቀበቶውን ከአንገቷ ፈታው። ማር የመሰለችው ውሻ አንዴ ሳትዞር በዛፎቹ መሀል ተሰወረች።

በገባችበት አቅጣጫ ገቡ። ፓርዴሱ ሰልፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ዛፉ አንድ ቁመት፣ መሬቱ አንድ መልክ። እየቆሙ አዳመጡ። ከወፍ በቀር ድምፅ የለም። ሸጋዬ ፎጣውን ደረቷ ላይ አጣብቃ ትሄዳለች። ሩቅ ከሄዱ በኋላ፣ ጥሩነህ እንመለስ ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሸጋዬ ቀጭን ሲር ሲር የሚል ድምፅ ሰማች፤ እጁን ያዘችው።

ለለቀማ የሚያገለግሉ የፕላስቲክ ሣጥኖች ተደራርበው ወድቀዋል፤ ሣር በቅሎባቸዋል። ከሥራቸው በተፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ ውሻዋ በጎኗ ተኝታለች። ሦስት ቡችሎች ሆዷ ላይ ተጣብቀው ይጠባሉ። ዓይናቸው ገና በወጉ አልተገለጠም፤ ጭንቅላታቸውን መሸከም አልቻሉም፤ ግን እያንዳንዱ ጡቱን ሲያጣው ተንፏቆ፣ ወድቆ፣ እንደገና ያገኘዋል። ማን ነገራቸው?

አራተኛው ለብቻው ነበር። ከሁሉም ያንሳል፤ አይንቀሳቀስም። እናቱ ትልሰዋለች፤ በአፍንጫዋ ትገፋዋለች፤ ደግማ ትልሰዋለች። ሸጋዬ ተንበረከከችና እጇን ዘረጋች። ውሻዋ የተዘረጋላትን እጅ አየች፤ ሸጋዬን አየች፤ መላሱን ተወች። ሸጋዬ ቡችላውን አንስታ በፎጣው ጠቀለለችው፤ ጀርባውን፣ ደረቱን በጣቶቿ ጫፍ አሸት አሸት አደረገች። ቀዝቅዟል። አላቆመችም። ጥሩነህ ከላይ ጎንበስ ብሎ ያያል። ብዙ ቆየ። ከዚያ ያ ከመዳፏ የማይበልጥ ነገር ድምፅ ሳያሰማ አፉን ከፈተ።

ለእናቱ ጡት አቀረበችው። አንዴ አመለጠው። ሁለተኛ ያዘ።

ጥሩነህ ለጸሎት ራሱን ሊሸፍን ኪፓውን፣ ትንሿን ቆቡን፣ ቢፈልግ የለም፤ ቅርንጫፍ ወስዶበታል። መዳፉን ራሱ ላይ ደፍቶ “እግዚአብሔር ይመስገን” አለ። ሸጋዬ ዓይኗን በክርኗ ጠረገች፤ እጇ የወተትና የአፈር ነበር።

ሰንበት ከመግባቱ በፊት አምስቱንም በአንዱ ሣጥን ይዘዋቸው ቤት ደረሱ። ሸጋዬ በጥድፊያ ሻማዋን አበራች። ጥሩነህ ጸሎት ቤት የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ አፈር እንዳለበት፤ ለጠየቁትም ሁሉ እንዲህ ሆነ እያለ ሲነግር አመሸ። ውሻዋ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ባነጠፉላት ፎጣ ላይ የቀረበላትን ሁሉ በላች፤ ተኛች። ሸጋዬ ነጭ የሰንበት ልብሷን እንደለበሰች ደፉ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ስታዳምጥ ባሏ መጥቶ አገኛት።

ቡችሎቹ ሲያድጉ አንዱን ናአማ ወሰደች፤ ሁለቱን የችግኝ ጣቢያው ሰዎች ተካፈሏቸው። ትንሹና እናቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀሩ። ከአጥር ውጭ ይሁኑ ያለ ሰው የለም።

በዚያው ሰሞን ጥሩነህ አንድ ቀን ከሥራ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ገባ። የት ነበርክ ስትለው ፓርዴሱ ጋ ወርዶ ያን ቦታ ሲፈልግ እንደቆየ ነገራት። በዛፍ መሀል ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው፤ ከአስፋልቱ ጀምሮ ሰልፉን እየቆጠረ ሦስቴ ገብቶ ሦስቴ ወጣ።

“አላገኘሁትም” አለ ጫማውን እያወለቀ፤ “ያን ቀን ማን እንደመራን እንጃ።”