አስተርጓሚው

ራይሳ ፕላቶኖቭና ጠዋት ሻይ አፈላች፤ የትናንቱን ገንፎ በቅቤ አሙቃ ግማሹን በላች። ሌሊቱን በረዶ ስለጣለ ወደ ሙዚየሙ የሄደችው ቀስ ብላ ነው። በሩ ላይ ቦት ጫማዋን በጨርቅ ጫማ ለውጣ ትልቁ ሥዕል ወዳለበት ክፍል ገባች።

በሥዕሉ ላይ የሩሲያው ንጉሥ የባዕድ አገር መልእክተኛ ይቀበላል። በሁለቱ መካከል ጎንበስ ያለው አስተርጓሚ የሟች ባሏ የአርሴኒ ፊት አለው። ጣሪያው አፍስሶ የጥንቱ ፊት በጠፋ ጊዜ፣ የሙዚየሙ ሥዕል አዳሽ የነበረው አርሴኒ በመስታወት የራሱን እያየ ተካው። ከእሷ ሌላ ይህን የምታውቅ የክፍሉ ጠባቂ ካፒቶሊና ብቻ ናት።

«ዛሬም ለሱ ሰላምታ፣ ለኔ ጀርባ» አለች ካፒቶሊና።

«አንቺማ ትመልሻለሽ። ወሬሽ አያልቅም።»

ሥዕሉ ያን ቀን ለእድሳት ወደ ሞስኮ ሊሄድ ነበር። ሊወስደው የመጣው ወጣቱ አዳሽ ሮዲዮን ሥዕሉ የሚጫንበትን ሳጥን አስከፈተና ወደ ራይሳ ዞረ።

«ሥዕሉን ያጠኑት እርስዎ ነዎት። በኋላ የተጨመረ ነገር አለበት? ካለ እናነሳዋለን።»

«አቧራ ነው ያለበት፤ እሱን አንሳ» አለች ካፒቶሊና ፈጠን ብላ።

ራይሳ ወደ ሥዕሉ ቀረበች።

«በሉ እንቀመጥ» አለች ካፒቶሊና፤ «መንገደኛ ሳይቀመጡለት አይሸኝም።»

ሮዲዮንም ሥዕሉን ሊሸከሙ አብረውት የመጡት ሰዎችም እንደ አገሩ ልማድ ባገኙት ላይ ቁጭ አሉ። አርሴኒን አምቡላንስ ሲወስደው ማንም አልተቀመጠም ነበር፤ ኮቱን እንኳ በትከሻው ላይ ጣል አድርገውለት ነው የወጣው። አሁን ራይሳ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሥዕሉ ላይ ያለውን ፊቱን አየች። የሌላ ሰው ሥዕል የሚያድስ የራሱን አሻራ አይተውበትም ይል ነበር አርሴኒ። ይህን ፊት ግን እያፏጨ ነው የሳለው።

ሁሉም ተነሡ።

«የአስተርጓሚው ፊት የኋላ ነው» አለች። «በጥጥ ሲጠረግ ይለቃል። እንዲለቅ አድርጎ ነው የሠራው።»

«ማን ነው የሠራው?»

«ሥራውን የሚያውቅ ሰው።»

ካፒቶሊና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሥዕሉ የተመለሰው የቮልጋ በረዶ ተሰባብሮ ወንዙ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ነው። የንጉሡ ወርቅ ፈክቷል፤ የመልእክተኛው ካባ ቀይ እንደነበረ አሁን ይታያል። አስተርጓሚው ትከሻና እጅ አለው። ከአንገቱ በላይ ግራጫ ቀለም ብቻ ነው፤ ፊት የለውም።