በግልባጩ የተወጠረው ደጋን

ደጋኑን የመለሱልን በዱቄት ከረጢት ነው። የባህል ክፍሉ ሾፌር ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝና "ደብዳቤው ውስጡ አለ" ብሎኝ አቧራውን አልብሶኝ ሄደ። ሻይ አፍልቼ ነበር። አልጠጣም። አፍሮ ነው እንጂ ሌላ ምን ያስቸኩለዋል?

ባሌ ዶንሮቭ ከረጢቱን ፈታው። አንድ ዓመት ተኩል የለፋንበት ደጋን ወገቡ ላይ ተሰብሯል፤ ቀንዱ ከእንጨቱ ተላቆ ተሰንጥቋል። እሱ መነጽሩን ሲፈልግ ደብዳቤውን እኔ አነበብኩት። "በባህል አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ በጥራት ጉድለት በራሱ ጊዜ ተሰብሯል። በመሆኑም የሠሪው ስም በየዓመቱ ቀስተኞች ለሚወዳደሩበት የናዳም በዓል ደጋን ከሚያቀርቡ ባለሙያዎች ዝርዝር ተሰርዟል" ይላል።

በራሱ ጊዜ! ጅማቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የበሬ ጅማት አድርቄ፣ በመዶሻ ቀጥቅጬ፣ እንደ ፀጉር እስኪሳሳ ሰንጥቄ አበጥሬዋለሁ። ዶንሮቭ ከዓሣ ፊኛ በተቀቀለ ሙጫ እየነከረ፣ ድርብ በድርብ በደጋኑ ጀርባ ላይ አልብሶታል። ወደ ቀስተኛው በሚዞረው ሆዱ በኩል የዱር ፍየል ቀንድ ለጥፎበታል። አንድ ሙሉ የብርድ ወቅት ከምድጃው ሳናርቀውም ሳናስጠጋውም እንደ ሕፃን ጠብቀን አድርቀነዋል። እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ጊዜ አይሰበርም።

ዶንሮቭ ስብራቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ስሜን ጠርቶ "በግልባጩ ወጥረውታል፣ ሀንድ" አለኝ።

አውታር ያልገባበት ደጋን ወደፊት ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። አዋቂ ሲወጥረው ወደ ኋላ ገልብጦ ነው። የማያውቅ ግን እንደተጠቀለለ አውታሩን ያስርበታል፤ ለዓይን ያማረ ይመስላል። ያን ጊዜ መጨመቅ የነበረበት ቀንድ ይሳባል፤ ቀንድ ደግሞ መሳብ አይችልም፣ ይሰነጠቃል። ዶንሮቭ ሲያስረክባቸው "ስቀሉት እንጂ አትወጥሩት" ብሏቸው ነበር። አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ።

"ሄደን እንንገራቸው" አልኩት።

"ተይው። እነሱ ማኅተም አላቸው። እኔ ምን አለኝ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ተወ። ያልጠፉ ፈረሶች ፍለጋ እያለ ኮረብታው ላይ ይውላል። ጎረቤት ሲመጣ መሣሪያዎቹን በብርድ ልብስ ይሸፍናል። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ አይቼው አላውቅም ነበር። ሁለት ሳምንት ቻልኩ። በሦስተኛው ከረጢቱን አንጠልጥዬ፣ ሱፍ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ወደ ክፍለ ሀገሩ ከተማ ወረድኩ።

የባህል ክፍሉ ኃላፊ ቱጉልዱር ይባላል፤ ከልጄ ያንሳል። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "አንቺ ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው?" አለኝ።

"አንቺ የምትለኝ ማን ስለሆንክ ነው? እኔ ከእናትህ ጋር በግ የሸለትኩ ሴት ነኝ።"

ትንሽ ደንገጥ አለ። "ይቅርታ፣ እናቴ። ምን ልርዳዎት?"

"ይሄ በራሱ ጊዜ አልተሰበረም። ገልብጣችሁ ወጥራችሁት ነው።"

"ማንም አልነካውም፣ እናቴ። ጠዋት ስንገባ ወድቆ አገኘነው። የቀድሞ ሰዎች ጥሩ ይሠሩ ነበር፤ አሁን እንግዲህ አባታችን ዶንሮቭ አርጅተዋል..."

ደሜ ፈላ። ዞር ስል ግድግዳው ላይ ካሌንደር ተሰቅሏል። የራሱ ክፍል ለአዲስ ዓመት አሳትሞ በየሱቁ ያደለው ነው። ሥዕሉ ላይ ከረባት ያሰረ አንድ እንግዳ ጥርሱን አሳይቶ ይስቃል፤ በእጁ የእኛን ደጋን እስከ ጆሮው ስቦታል። በግልባጩ! ከጎኑ ቱጉልዱር ራሱ ቆሞ ያጨበጭባል።

"ይሄ ሰውዬ ግድግዳ ነው?" አልኩት።

አየው። ፊቱ ቀላ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እናቴ፣ ከእርስዎና ከባለቤትዎ በቀር ይህን ማን ይለያል?" አለኝ።

ከውሸቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ካሌንደሩን ከነሚስማሩ ነቅዬ ወጣሁ።

ቀስተኞቹ ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ ይለማመዱ ነበር። ሳንዱይ የምትባለዋ፣ በናዳም አራት ጊዜ ያሸነፈችው፣ ካሌንደሩን ተቀበለችኝ። አንዴ አየችው፤ ለሌሎቹ አሳለፈችው። አንዱ ሳቀ፤ የተሰበረውን ከከረጢቱ ሳወጣው ሳቁን ዋጠ።

"የዶንሮቭ ነው?" አለች ሳንዱይ።

"የዶንሮቭ ነው። ስሙን ሰርዘውታል።"

ፍላጻዋን ወደ ሰገባው መለሰች። "ተነሱ" አለቻቸው።

አሥራ አንድ ሆነን ቢሮው ገባን። ቱጉልዱር ወንበር ቢጋብዝ የተቀመጠ የለም። ሳንዱይ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "የዶንሮቭ ስም ካልተመለሰ በናዳም ዕለት ሜዳው ላይ አንድም ቀስተኛ አታገኙም። ለእንግዶቻችሁ ካሌንደር አሳዩአቸው" አለችው።

ጸሐፊዋ ወዲያው ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። ስሙ ተመልሷል፤ "አለመግባባት ተፈጥሮ ስለነበር" ይላል።

"ማን ከማን ጋር ነው ያልተግባባው? ደጋኑ ከግድግዳው ጋር?" ብዬ መለስኩት።

ሁለተኛው "በአያያዝ ችግር" የሚል መጣ።

"የማን አያያዝ?"

"እናቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ አይጻፍም" አለኝ ቱጉልዱር።

"ውሸቱ ሲጻፍ ተጽፏል አይደል?"

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩና ከቦርሳዬ የደረቀ እርጎ አውጥቼ መቆርጠም ጀመርኩ። በማግሥቱም መጣሁ። የሚገባው የሚወጣው "እናቴ፣ ምን ሆነው ነው?" ይለኛል፤ እኔም ካሌንደሩን ዘርግቼ ለእያንዳንዱ አስረዳለሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ቱጉልዱር ራሱ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። "የክፍላችን ሠራተኞች ደጋኑን በግልባጭ ወጥረውት፣ እንግዳ ሲስበው ተሰብሯል። ሠሪው ምንም ጥፋት የለበትም" ይላል። ማኅተም አለው።

ቤት ስደርስ ዶንሮቭ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

"ስለ ቀንዱስ ምን አሉ?" አለኝ።

"ምንም።"

ምን ሊሉ ይችላሉ? እንደዚያ ያለ ረጅም ቀንድ እንግዲህ አይገኝም፤ የዱር ፍየል ማደን ተከልክሏል፣ ያ ጥንድ አባቱ ያቆየለት የመጨረሻው ነበር። ወረቀት ቀንድ አይመልስም።

በማግሥቱ ብርድ ልብሱን ከመሣሪያዎቹ ላይ ገፈፈ። ሙጫው እንዲለቅ የተሰበረውን ደጋን ለብ ባለ ውኃ ነክሮ፣ ሊተርፍ የሚችለውን እንጨት መለየት ጀመረ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጅማቱን እየፈታሁ፣ ቱጉልዱርን ልለው ሲገባኝ ያላልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። እናቱንም አልማርኳትም።

ዶንሮቭ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "ታዲያ ይሄን ለምን እዚያው አላልሽውም?"

"ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው" አልኩት፤ አሁንም እየተንጨረጨርኩ።