ምሳ ዕቃ በረመዳን

ሙስዐብ ላፕቶፕን የሚነቅፈው በመርህ ነበር። አንድ ብልቱ ሲታመም ሁለመናው የሚጣል መሣሪያ፣ በእርሱ ዘንድ፣ የጥበብ ሳይሆን የስንፍና ፍሬ ነው። ደግሞም የላስ ቬጋስ ሙቀት በሁለት ተከታታይ ሰመር ሁለት ላፕቶፕ አቃጥሎበታል። ስለዚህ የሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት በሚያመላልስበት ቫን ይዞት የሚዞር፣ ስክሪን ባገኘበት ሁሉ፣ ቫኑ ውስጥ ለእንግዶች በተሰቀለችው ላይ ጭምር፣ የሚሰካ ትንሽ ዴስክቶፕ ሊገጣጥም ቆረጠ። በርቀት የሚማረው የሕንፃ ንድፍ ጉልበት ያለው ፕሮሰሰር ይጠይቃልና።

የቀረው ማቀፊያ ነበር። በገበያ ካሉት ቀፎዎች አንዱ ወፈረበት፣ ሌላው እጀታ አጣ። በመጨረሻ ዓይኑ ስፕሪንግ ቫሊ ባለው አፓርትመንቱ የኩሽና መደርደሪያ ላይ፣ ለዓመታት ምሳውን በቋጠረበት ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ላይ ዐረፈ። ከታች ኃይል ማቅረቢያው፣ ከመካከል ማዘርቦርዱና ማራገቢያው፣ ከላይ ታጣፊው ኪቦርድ፣ ማውሱና ገመዶቹ ገቡ። ጎኑን ለአየር በድሪል በሳሳው፤ ክዳኑን ሲቆልፈው ልክ እንደተፈጠረለት ሆነ። በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ያልገባ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወሩ ረመዳን መሆኑ።

በጾሙ ሃያኛ ቀን ሊያገባት ያሰባት ሃዲያ ደወለችለት።

«አባዬ ቅዳሜ ሽማግሌ እንዳይመጣ ብሏል።»

«ለምን?»

«ፓርኪንግ ሎት ውስጥ አይቶሃል። በቀትር፣ ምሳ ዕቃ ጭንህ ላይ ከፍተህ።»

«ኮምፒውተር ነው አትያቸውም?»

«አልኩት። ‹ሲዋሽ እንኳ የሚመስል ውሸት አይዋሽም?› አለኝ። የላክልኝን ፒክቸር ሳሳየው ደግሞ፣ ‹ይሄማ ክዳኑ የተዘጋ ምሳ ዕቃ ነው› አለ።»

ሁለት ዓመት የጠበቁት ኒካሕ በአንድ ክዳን ሊዘጋ ነው። ሙስዐብ ሺፍቱን እንደጨረሰ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ እነሃዲያ ወደሚኖሩበት ዊትኒ ሰፈር ነዳ።

የሃዲያ አባት ጋሽ በሽር፣ ሃያ ዓመት በካዚኖ ዕቃ ቤት ያገለገሉ፣ ያላዩትን የማያምኑ ሰው ናቸው። በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ዓይናቸው ፊቱን አልፎ እጁ ላይ ወረደ።

«ጭራሽ ይዘኸው መጣህ?»

«እንዲያዩት ነው፣ ጋሼ።»

«እንዲህ እያወዛወዝክ? ጎረቤት እያየህ?»

ሙስዐብ ገብቶ ቴሌቪዥኑ ሥር ተንበረከከ፤ ክዳኑን ከፍቶ ገመዱን ሰካ። ማራገቢያው አጉረመረመ። ስክሪኑ ላይ የአራት ፎቅ ሕንፃ ንድፍ ተገለጠ፤ በማውሱ ሲያዞረው ደረጃውና መስኮቱ ተከታትለው ዞሩ።

«ይሄ ሁሉ ከዚያ ነው የሚወጣው?»

«ከመካከለኛው ድርብ።»

«እንደ ሰው ላፕቶፕ ገዝተህ ብትገላገል ምን ነበረበት?»

«ላፕቶፕ አንድ ነገሩ ሲበላሽ ሁሉም አብሮ ይቀበራል። እዚህ የተበላሸው ብቻ ይለወጣል።»

ጋሽ በሽር ወደ ምሳ ዕቃው ጎንበስ አሉ። አፍንጫቸው አንድ ነገር አግኝቷል። ፕሮሰሰሩ እየጋለ ሲሄድ፣ የድርቦቹ ጎማ ለዓመታት የመጠጠው የምንቸት አብሽ መዓዛ ቀስ እያለ ይወጣ ጀመር፤ ማራገቢያው ተቀብሎ ሳሎኑን አዳረሰው። ጥግ ላይ የቆመችው ሃዲያ ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ኮምፒውተር ነው ያልከኝ» አሉ ጋሽ በሽር በዝግታ።

«ጎማው ነው፣ ጋሼ። ሦስት ጊዜ በበረኪና አጥቤዋለሁ። ሲሞቅ ይመጣል።»

«ሁልጊዜ?»

«ንድፉ ከበድ ሲል ይብሳል።»

«እና ሃያ ቀን ሙሉ፣ በቀትር፣ ይሄን ጭንህ ላይ አድርገህ ትጾማለህ?»

«ፈተና ደርሶብኝ ነው።»

ጋሽ በሽር ዓይናቸውን ጨፍነው መዓዛውን አንዴ በረጅሙ ሳቡት፤ ወዲያው ደንገጥ ብለው «አስተግፊሩላህ» አሉና ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ከቅድሙ ቁጣ የተረፈ አልነበረም።

«ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ይምጡ። አሁን ግን ይሄን ነገር አጥፋው፤ መግሪብ ደርሶ እስክናፈጥር ገና አርባ ደቂቃ አለ።»